ጅማ ላይ ሦስት ቀን ዘጋቢ ፊልም ልናሳይ ነው፤ የትኛውን ከየትኛው እናስከትል?

የጅሬን ዳገት
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከጥምቀት በኋላ ጅማ ላይ ዘጋቢ ፊልም ለማሳየት እየተዘጋጀን ነው። ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት። መቶ ሃምሳ ወንበር ያለው አዳራሽ ተፈቅዶልናል። ፕሮጀክተር ተውሰናል። መግቢያው ነጻ ነው። አሁን የቀረን ዋናው ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ።

ጊዜውን አስበንበት ነው የመረጥነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አገሩ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ከዚያ ጾሙም ረመዳኑም ይመጣል። ጥር መጨረሻ ላይ ሰው ትንሽ ፋታ ያገኛል።

ለሰው ስንናገር መጀመሪያ የምንሰማው "ዶክመንተሪ ማለት ዜና ነው አይደል?" የሚል ነው። አንዳንዱ የምረቃ ቪዲዮ ይመስለዋል። አንዳንዱ ስለ አንበሳና ሜዳ አህያ የሚያወራ ነገር ይጠብቃል። አልፈርድባቸውም፤ ስናይ ያደግነው ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ የተለያየ እንዲሆን የምፈልገው። በርዕስ ብቻ አይደለም። አጭርም ረጅምም፣ ድምፅ ያለውም የሌለውም፣ የሚያስቆጣም ዝም የሚያሰኝም እንዲኖርበት ነው።

ረቂቃችን ይህ ነው። ዓርብ ማታ በሲኒማ ጀማሪዎቹ ፈረንሳውያን፣ በሉሚዬር ወንድማማቾች አጫጭር ፊልሞች እንጀምራለን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ አንድ ካፌ ምድር ቤት፣ ከፍሎ ለገባ ሰው ያሳዩአቸው አሥሩ ፊልሞች ናቸው። እያንዳንዱ ቢበዛ 50 ሰከንድ ገደማ ነው። ሠራተኞች ከፋብሪካ ይወጣሉ። ሕፃን ምግብ ይበላል። አንጥረኞች ብረት ይቀጠቅጣሉ። በቃ። ቀኑን ስቆጥረው የአድዋ ጦርነት ሊደረግ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ስለዚህ ከእነሱ ቀጥሎ የኃይሌ ገሪማን "አድዋ" እናሳያለን። የ1999ኙን፣ በፈረንጆቹ። የጦርነቱ ተንቀሳቃሽ ምስል የለም። ኃይሌ በሥዕል፣ በሽማግሌዎች ቃል፣ በዘፈንና በተራራው መልክ ነው የሠራው። ካሜራ ባልነበረበት ቦታ ዘጋቢ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት "ብላክ ጎልድ"፣ ስለ ቡናችን። ቅዳሜ ከሰዓት "ናኑክ"፣ ያ ስለ በረዶ አገር ሰዎች የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. የ1922ቱ ድምፅ አልባ ፊልም። እሑድ "ፋያ ዳዪ"፣ ስለ ሐረር ጫት።

ፊልሞቹን እወዳቸዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን አላረካኝም። አንድ ነገር ቦታውን ስቷል። እስቲ እዩልኝ።

አዌቱ ዳር
ሰኞ፣ ማታ 2:41

በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ በርቱ። እኔ የማስበው ስለ መመለሻው ነው። አዳራሹ ከመርካቶ ራቅ ያለ ከሆነ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ባጃጅ ይጠፋል። ሴቶች ደግሞ እሱን ሲያስቡ ከመነሻው ይቀራሉ። ዓርብን ቶሎ ጀምራችሁ ቶሎ ጨርሱ። ለቆጪና ለፈረንጅ አራዳ መስመር ሁለት ሦስት የምታውቋቸውን ባጃጆች አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

የአጋሮ መንገድ
ሰኞ፣ ማታ 3:55

ወንድሜ፣ የሳተውን ነገር ያገኘሁት ይመስለኛል።

"ብላክ ጎልድን" ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ 78 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ይከተላል። ለገበሬው የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ፍለጋ ባሕር ማዶ ይንከራተታሉ። የተቀረጸው የዓለም የቡና ዋጋ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ባልታየ ሁኔታ በወደቀበት ጊዜ ነው። ቡና አምራችና ገዢ አገሮች የተስማሙበት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ። ከዚያ ቬትናም በብዛት ማምረት ጀመረች። ገበያው ተጥለቀለቀ። እኛ ቤት የገባው ደግሞ የዚያ ውጤት ነው። አባቴ ያኔ ጀንፈሉን ሳይሸጥ ጎተራ ከተተው። የለቃሚ እንኳ አይመልስም ነበር። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደብተር የተገዛልኝ በማር ገንዘብ ነው።

ፊልሙ ላይ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል። ወድዶ አይደለም። ጫት ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይገባል።

አሁን "ፋያ ዳዪን" አስበው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ነው። የጄሲካ በሽር ሥራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት። እሷ ለዓመታት እየተመላለሰች ሐረር አካባቢ ቀርጻዋለች። ጫቱ አገሩን ሸፍኖታል። ልጆቹ መሰደድ ያስባሉ። ያ የአሥራ አምስት ዓመት ልዩነት ነው። አንደኛው ፊልም ላይ የተተከለው፣ ሁለተኛው ላይ ሙሉ ማሳ ሆኖ ይታያል። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዓላማ ነው የሠሯቸው። ጅማ ላይ ተከታትለው ሲታዩ ግን አንድ ታሪክ ይሆናሉ። አንተ በመሃላቸው የበረዶ አገር አስገብተህ ለያየሃቸው።

አጎራብታቸው። የምልህ ይህን ብቻ ነው።

የጅሬን ዳገት
ሰኞ፣ ማታ 4:20

ወንድሜ፣ ይህንን አንብቤ ለጓደኞቼ ደወልኩላቸው። ልክ ነህ። ግን 78 ደቂቃና ሁለት ሰዓት አንድ ላይ ሦስት ሰዓት ከሩብ አለፈ። ሰው ይቀመጣል?

የአጋሮ መንገድ
ሰኞ፣ ማታ 4:26

በመሃል ቡና ይፈላ። ሳትቸኩሉ፣ እስከ ቶና። የጅማ ሰው ቡና ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ሲያወራ ማን ረዘመብኝ ብሎ ያውቃል? ስለ መጀመሪያው ፊልም እዚያው ይወራል። ጥያቄና መልስ ብላችሁ ማይክ ከምታዞሩ ይሻላል።

የመምህሯ ማስታወሻ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

እኔ ስለ "ናኑክ" ልናገር። መውጣት የለበትም። ግን ባዶውን አታሳዩት።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት ከጅማ ወጣ ያለ ገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የአንድ ድርጅት ሰዎች ሊቀርጹን መጡ። ልጆቹ ከዋዜማው ጀምሮ አልተኙም። እናቶቻቸው ልብስ አጥበው፣ ጫማ የሌለው ከጎረቤት ተውሶ መጡ። ቀራጩ አየና በአስተርጓሚ "የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው ይምጡ" አለ። መለሱአቸው። ጫማቸውን አስወለቁአቸው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ "ቲቸር፣ ቆሻሻ ሆኜ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ፊቱን ግን አስታውሰዋለሁ።

"ናኑክም" ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሮበርት ፍላኸርቲ በሰሜን ካናዳ የኢኑይት ሰዎችን ቀረጸ። የዋናው ሰው እውነተኛ ስም አላካሪያላክ ነበር፤ ናኑክ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። በዚያ ጊዜ ጠመንጃ ይዘው የሚያድኑትን ሰዎች፣ እንደ አባቶቻቸው በጦር እንዲያድኑ አደረጋቸው። የበረዶ ቤቱ ውስጥ ለካሜራ ብርሃን ስላልነበረ ግማሹን ብቻ አሠርቶ ቤተሰቡን እዚያ ብርድ ውስጥ አስተኝቶ ቀረጻቸው። ፊልሙ ግን ያምራል። በጣም ያምራል! ያ ሰው ልጁን ቀስት ሲያስተምር ሲታይ ልብ ይነካል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ውበቱም፣ የተደረገውም።

ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ። ከፊልሙ በፊት ሳይሆን በኋላ ይነገራቸው። መጀመሪያ ይውደዱት። ከዚያ እንዴት እንደተሠራ ይስሙ። ያኔ ቀጥሎ የሚያዩትን ሁሉ በሌላ ዓይን ያያሉ። ስለዚህ ዓርብ ላይ፣ ከሉሚዬር ቀጥሎ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሊሙ ገነት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:02

እህቴ፣ የጻፍሽው አስለቀሰኝ።

የእኔ ነገር ቋንቋ ነው። አያቴን ማምጣት እፈልጋለሁ። የግርጌ ጽሑፍ አታነብም፤ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ አማርኛዋም የገበያ ነው። "ብላክ ጎልድ" ላይ እንግሊዝኛው ብዙ ስለሆነ አንድ ሰው ማይክ ይዞ በኦሮምኛ ቢያስረዳ ጥሩ ነው። የትርጉም ፊልም ያየ ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም። "ፋያ ዳዪ" ላይ ግን እባካችሁ ማንም አይናገር። ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ነው፤ አያቴ ብዙውን በጆሮዋ ትረዳዋለች። ደግሞ የፊልሙ ግማሽ ያለው ጸጥታው ውስጥ ነው። ጭስ፣ ውኃ፣ ቅጠል ሲነጨት። አንድ ሰው በማይክ ካወራበት ፊልሙ የለም። በፊት አምስት ደቂቃ አስረድታችሁ ዝም በሉ።

ባለ ኬብሉ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:30

ስለ ዕቃው እኔ ልጻፍ፤ ሥራዬ ነው።

ጥር መሆኑ በጣም ጥሩ ነው። ጅማ ዝናቧን ታውቃላችሁ። የአዳራሻችሁ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ አንዲት ቃል አትሰሙም ነበር። ጥርም ቢሆን ድንገት ሊጥል ስለሚችል ድምፅ አልባዎቹን ፊልሞች እንደ መጠባበቂያ ያዙአቸው። ዝናብ ከመጣ የንግግሩን ፊልም አቁማችሁ እነሱን ታሳያላችሁ።

ሰው ሁሉ ስለ ፕሮጀክተር ይጨነቃል። የሚያበላሸው ግን ድምፅ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ተነስቶ ይሄዳል። ስፒከሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ። በሰው ጆሮ ከፍታ፣ ከሸራው ግራና ቀኝ ይሁን። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወይም መጋረጃ ስቀሉ። ቅዳሜ ቀን ስለምታሳዩ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፤ አለበለዚያ ጥቁርና ነጩ ፊልም ግራጫ ይሆንባችኋል። ጄኔሬተሩ ከሕንጻው ጀርባ ይቁም፤ ረጅም ኬብል እኔ አመጣለሁ። መብራት ሲሄድ ፕሮጀክተሩ በድንገት እንዳይጠፋ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ከጠፋ ቶሎ ይቃጠላል። ፊልሞቹን በሁለት የተለያየ ፍላሽ ያዙ። ከመጀመሪያው ቀን በፊትም ሁሉንም እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውቷቸው። አምስት ደቂቃ ብቻ አይታችሁ "ይሠራል" አትበሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ብትጠሩኝ እመጣለሁ። ክፍያ አልፈልግም።

የሕግ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ቀን 9:12

አንድ ነገር ብቻ። ከኢንተርኔት አውርዳችሁ እንዳታሳዩ። መግቢያው ነጻ ቢሆንም ለሕዝብ ማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለዚህ ነው። ለባለመብቶቹ ዛሬውኑ ጻፉ። የወንበሩን ብዛት፣ ቀኑን፣ ነጻ መሆኑን ንገሯቸው። ለትንሽ ከተማ ቅናሽ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። የሉሚዬር ፊልሞች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው አያስቸግሩም።

የድሮ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ልጆቼ፣ እየተከታተልኩ ነው። ስለ ቅደም ተከተል የምትነጋገሩት ነገር አንድ ምሽት አስታወሰኝ።

ከጅማ ሄጄ አዲስ አበባ የምማርበት ዘመን ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ። አንድ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም አሳዩ። በእንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። እኛ ግን ያኔ ነው ያየነው። ያሳዩን ደግሞ እንደተሠራ አልነበረም። በረሃብተኛው መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየቆራረጡ አስገቡበት። የሚሞት ሕፃን፣ ከዚያ ድግስ። ደግሞ ሕፃን፣ ደግሞ ድግስ። ማንም ድምፅ አላወጣም። የቤቱ እመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ያጎራበታቸው እጅ ግን የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። እኔ ያን ምሽት አልቅሻለሁ፤ ዛሬም ያለቀስኩት አይቆጨኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ምስል ተከታትሎ ሳይ ማን እንዳስከተላቸው እጠይቃለሁ። እናንተም ፊልም ስታጎራብቱ እንደዚያ እጅ ናችሁ። ቡናውን ከጫቱ ስታጎራብቱ ለምን እንዳደረጋችሁት ለሰው በግልጽ ንገሩት። አትደብቁት።

የጅሬን ዳገት
ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህንን እዚያው ቀርበው በአንደበትዎ ቢነግሩልንስ? አሥር ደቂቃ ብቻ። ቤትዎ ድረስ መጥተን እንወስድዎታለን።

የድሮ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:31

ዓርብ ከሆነ እመጣለሁ። እግሬ ደረጃ አይወድም፤ ከፊት ወንበር ያዙልኝ።

ቢጫ ሻሽ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ፊልም ብዙ አላውቅም። ግን ከላይ "ሠራተኞች ከፋብሪካ ይወጣሉ" የሚለውን አንብቤ ፊልሙን ፈልጌ አየሁት። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቀሚሳቸው ረጅም ነው። አንዳንዶቹ ይገፋፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ውሻም አለ።

እናቴ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ናት። በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ በሩ ይከፈትና ሁሉም አንድ ላይ ይወጣሉ። ልክ እንደዚያ። ልብሳቸው ላይ የቡና ገለባ አለ። ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ስለዋሉ መጀመሪያ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ያንን በስልኬ 50 ሰከንድ ብቀርጸው ከፈረንጆቹ ፊልም ቀጥሎ ታሳዩልኛላችሁ?

የጅሬን ዳገት
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:20

እናሳያለን። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

እንዲያውም ለሌሎችም እንክፈተው። ሕጉ እንደ ሉሚዬር ይሁን፤ ስልኩ ከቦታው አይነቃነቅም፣ አይቆረጥም፣ ሙዚቃ አይገባበትም፣ 50 ሰከንድ ብቻ። በርጩማ የሚጠርበው፣ የሐሙስ ገበያ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ሰው፣ ማንኛውም። አሥር ከደረሰን ከነሱ አሥር ጋር አንድ በአንድ እናፈራርቃቸዋለን። አንድ ከ1895፣ አንድ ከጅማ።

የመምህሯ ማስታወሻ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

ቢጫ ሻሽ፣ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ። አንድ አደራ። ተደብቀሽ አትቅረጪ። ቀድመሽ ለሁሉም ንገሪያቸው። የማትፈልግ ሴት ካለች በሌላኛው በር ትውጣ ወይም ቆይታ ትውጣ። የበሩን ኃላፊም ጠይቂ። የት እንደሚታይም በደንብ ንገሪያቸው።

ቢጫ ሻሽ
ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ነገርኳቸው። ኃላፊው ፈቀደ። ሁለቱ አንፈልግም አሉ፤ ቆይተው ይወጣሉ። ሌሎቹ ግን ችግር አመጡብኝ። "በሥራ ልብስ አንቀረጽም፣ ነጠላችንን ይዘን መጥተን ለብሰን ነው የምንወጣው" አሉኝ። እናቴም አብራቸው ናት። ያ ታዲያ ውሸት አይሆንም? ፊልሙ ይበላሻል?

የመምህሯ ማስታወሻ
ረቡዕ፣ ማታ 1:24

አይበላሽም። ይልበሱ።

ያየሽው የፋብሪካ ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ የተቀረጸ አይደለም። ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ ላይ ፈረስ አለ፣ አንዱ ላይ ሁለት፣ አንዱ ላይ የለም። የፊልም ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ሠራተኞቹ በኋለኞቹ ቅጂዎች ላይ የእሑድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ይናገራሉ። እነሱም ሴቶች ነበሩ። ማን ያየናል ብለው አስበዋል። እኔ ያልኳችሁ ልጆች ጫማቸውን አውልቁ የተባሉት ሌላ ሰው ስለፈለገ ነው። እናትሽ ግን ነጠላ የምትለብሰው ራሷ ስለፈለገች ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ሊሙ ገነት
ረቡዕ፣ ማታ 1:31

አያቴ ይህንን ስነግራት "እኔስ መቼ ነው የምቀረጸው?" አለች። ሐሙስ ገበያ እወስዳታለሁ።

የጅሬን ዳገት
ሐሙስ፣ ማታ 3:05

እንግዲህ ፕሮግራሙ ተለውጧል። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የሉሚዬርና የጅማ አጫጭሮች ተፈራርቀው፣ ከዚያ ጋሼ ስለ መስከረም 1 ይነግሩናል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ቤቱ ይገባል፤ ባጃጆቹን አነጋግረናል። "ናኑክን" ዓርብ ላይ ማስገባት አልቻልንም፣ ሰዓቱ አይበቃም። ቅዳሜ ጠዋት ለተማሪዎች ይሆናል፣ ከፊልሙ በኋላ መምህሯ ይናገራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት "ብላክ ጎልድ"፣ ቡና፣ ከዚያ "ፋያ ዳዪ"። ለምን እንዳጎራበትናቸው መግቢያው ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈን እንለጥፋለን። "አድዋ" እሑድ መዝጊያ ሆነ።

ደብዳቤዎቹ ተልከዋል። አንዱ መልስ ሰጥቷል፤ ፈቅደዋል። ሌሎቹን እየጠበቅን ነው። እምቢ ካሉ ያንን ሰዓት በሌላ እንሞላለን እንጂ ሰርቀን አናሳይም።

የጅማ አጫጭር እስካሁን ስድስት ደርሶናል። አራት ይቀረናል።

ቢጫ ሻሽ
ዓርብ፣ ማታ 12:40

አሁን ከበሩ መመለሴ ነው። ልኬዋለሁ።

52 ሰከንድ ሆነ፤ ሁለቷን ሰከንድ መቁረጥ አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ እናቴ ብቻዋን ነው የምትወጣው። ነጠላዋን ለመልበስ ስትል ዘገየች። በሩ ላይ ቆማ ጫፉን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ሳትመለከት ታልፋለች። አትመልከቺ ብዬ አልነገርኳትም።

ለዓርብ ፈቃድ ጠይቃለች። ከጓደኞቿ ጋር ሰባት ሆነው ይመጣሉ፤ ወንበር ያዙላቸው።